የስፓይሮሜትሪ የሚጠበቅ ውጤት ከሰውነት ልኬት እንዴት ይሰላል?

የሳንባን አየር በሚለካው ማሽን፣ በስፓይሮሜትር፣ ላይ የነፋ ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ ይወጣል። አንዱ እሱ ራሱ የነፋው ነው። ሌላው ማሽኑ «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ፆታ፣ በዚህ ቁመት ያለ ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ይነፋል» ብሎ ያሰላው ነው፤ የሚጠበቀው ውጤት ይባላል። ሐኪሙ በመቶኛ የሚያነበው የሁለቱን ንጽጽር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሲበላሽ ግራፉ ያጋልጠዋል፤ ሳልም ሆነ ቶሎ ማቆም በመስመሩ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ሁለተኛው ሲበላሽ ግን የሚታይ ነገር የለም። ማሽኑ የጻፉለትን ቁመትና የልደት ቀን አምኖ ያሰላል፣ ያትማል። ስለዚህ ከባዱ ስህተት የሚሠራው ታካሚው ገና ሳይነፋ ነው።

የሚከተለው አሠራር የተዘጋጀው ምርመራውን በእጃቸው ለሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ተማሪዎች ነው። ሁለት ስሞች ይደጋገማሉ። ኤፍቪሲ ማለት ሳንባን ሞልቶ እስኪያልቅ በኃይል የተነፋው ጠቅላላ አየር ነው፤ ኤፍኢቪ1 ደግሞ ከዚያው ውስጥ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው። ሁለቱም በሊትር ይለካሉ።

ለምን ቁመት?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን በ1846 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን በሠራው ስፓይሮሜትር አስነፍቶ ያገኘው ዋና ነገር ይኸው ነበር፦ የሳንባ አቅም ከቁመት ጋር ያድጋል፣ በያንዳንዱ ኢንች ወደ 8 ኪዩቢክ ኢንች። ወደ እኛ ልኬት ሲመለስ በሴንቲ ሜትር 52 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የወጣው የአውሮፓ ቀመር ለወንዶች 57.6 ይላል። ሰውዬው ብዙም አልራቀም።

ክብደት ከተለመዱት ቀመሮች ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ይመዘናል፤ በጣም የወፈረ ሰው ኤፍቪሲው ሲቀንስ ምክንያቱን ለመጠርጠር ይረዳል።

ቁመት መለካት

ግድግዳ ላይ የተተከለ ቁመት መለኪያ ከሌለ፣ ዞኮሎ የሌለው ቀጥ ያለ ግድግዳና ምንጣፍ ያልተነጠፈበት ጠንካራ ወለል ይምረጡ። ዞኮሎ ካለ ተረከዙ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጀርባ ከግድግዳው ይርቃል። የልብስ ሰፊ ጨርቅ ሜትር ስለሚለጠጥ አይጠቀሙ፤ የብረት ሜትር ይለጥፉ። በወር አንድ ጊዜ ርዝመቱ የታወቀ የብረት ማስመሪያ አቁመው ልኩን ያረጋግጡ። የሚንሸራተተው ራስ መጫኛ በአጠቃቀም ብዛት ይላላል፣ ከዚያም ይዘምማል።

ጫማ ይወልቃል። ካልሲው ወፍራም ከሆነ እሱም። ታካሚዋ በዕድሜ የገፉ ከሆኑና ጎንበስ ማለት የሚከብዳቸው ከሆነ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ጫማውን እኔ ላውልቅልዎ» ማለት «ግድ የለም፣ በጫማ ይሁን» ከማለት ይሻላል። የፀጉር ጉዳይ ከጫማ ያልተናነሰ ነው። ሹሩባው አናት ላይ ተሰብስቦ ከታሰረ፣ ሻሽ ከተጠመጠመ፣ ካህን ከሆኑ ጥምጥም ካለ፣ በጨዋነት ተጠይቆ ይወርዳል ወይም ይላላል። እንዲወርድ ካልተፈለገ መጫኛውን ጠበቅ አድርገው አጥንቱ እስኪሰማ ይጫኑና «ሻሽ እንዳለ» ብለው ይመዝግቡ። በግምት መቀነስ አይገባም።

ተረከዝ ተጋጥሞ፣ ተረከዝ፣ መቀመጫና የጀርባ አጥንት ግድግዳውን ይነካሉ። ራስ ግን ግድግዳውን የግድ መንካት የለበትም፤ ብዙ ሰው ራሱን ወደ ኋላ ለማስነካት አገጩን ያነሳል፣ ያኔ የሚለካው አናቱ ሳይሆን ግንባሩ ይሆናል። ትክክለኛው አቋም የዓይን ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝና የጆሮ ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። አየር እንዲያስገባና ቀጥ እንዲል ይጠይቁት፣ መጫኛውን ያውርዱ፣ ዓይንዎን ከቁጥሩ ትይዩ አድርገው እስከ ሚሊ ሜትር ያንብቡ። 163.4 ከሆነ 163.4 ይጻፋል። «ቁመትህ ስንት ነው?» ተብሎ ተጠይቆ የተጻፈ ቁጥር ልኬት አይደለም። በተለይ ወንዶች ለራሳቸው ቸር ናቸው።

መቆም ለማይችል ሰው

በዊልቸር ላይ ያለ፣ እግሩ የተቆረጠ፣ ወይም አከርካሪው የተጣመመ ሰው በቁመት አይለካም። የአከርካሪ መጣመም በተለይ ያታልላል፤ ሰውዬው ስላጠረ የሚጠበቀውም ያንሳል፣ የታፈነው ሳንባ «መደበኛ» ሆኖ ይታያል። በእርጅና ትንሽ የጎበጡ አዛውንት ግን እንደቆሙ ይለኩ። ቀመሮቹ የተሠሩባቸው አዛውንቶችም እንደዚያው ነበሩ።

ለአዋቂ የተዘረጋ ክንድ ይለካል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሁለት እጁን በትከሻው ልክ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከአንዱ መሃል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ድረስ ይለካል፣ ጥፍር አይቆጠርም። ብቻዎን ከሆኑ የአንዱ እጅ መሃል ጣት የክፍሉን ማዕዘን እንዲነካ ያድርጉና በሌላው ጫፍ ምልክት ያድርጉ። አንድ እጁን መዘርጋት ካልቻለ ከአንገት ሥር ካለው የደረት አጥንት ስርጉድ መሃል እስከ መሃል ጣት ጫፍ ለክተው በሁለት ያባዙ።

የተገኘውን በቀጥታ በቁመት ቦታ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። በብዙ ሰው ክንድ ከቁመት ይረዝማል፤ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የሚሠራበት ማካፈያ 1.06 ነው። ክንዱ 172 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ቁመቱ 172 ÷ 1.06 = 162.3 ተብሎ ይገመታል። 172 ብለው ቢጽፉት ለወንድ የሚጠበቀው ኤፍኢቪ1 በ0.4 ሊትር ገደማ ይጋነናል። 1.06 አማካይ ስለሆነ፣ በክንድ ብዙ የሚሠራ ክፍል በራሱ አካባቢ ያሉ ጤነኛ ሰዎችን፣ ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ክንድም ቁመትም ለክቶ የራሱን ማካፈያ ቢያወጣ ይሻለዋል። አንድ ሳምንት አይፈጅም።

ለልጆች ከክርን እስከ አንጓ ያለው አጥንት ይመረጣል። ልጁ ክርኑን አጥፎ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋል፤ ከክርኑ ሹል ጫፍ እስከ አንጓው ጉብታ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ይለካል። ሜትሩ የክንዱን ሥጋ ተከትሎ መጉበጥ የለበትም፣ ቀጥ ያለ መለኪያ ይሻላል። በአውስትራሊያ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች የተሠራው ቀመር ይህ ነው፦

ወንድ ልጅ፦ ቁመት = 4.605 × አጥንት + 1.308 × ዕድሜ + 28.003
ሴት ልጅ፦ ቁመት = 4.459 × አጥንት + 1.315 × ዕድሜ + 31.485

አጥንቱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜው በዓመት ነው። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ 23 ሴንቲ ሜትር ቢለካ 149.6 ይወጣል። ነገር ግን የአንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት በቁመት ላይ 4.6 ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ ካልተስማማ ሦስተኛ።

ዕድሜ፦ የሁለት ዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ማሽኑ የልደት ቀን ይጠይቃል፣ የራሱ ሰዓት ደግሞ በጎርጎርዮስ ቀን ይሄዳል። ታካሚዋ «ግንቦት 1966» ስትል 1966 ብሎ የጻፈ ባለሙያ በአንድ ቅጽበት 8 ዓመት አስረጃት ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል (ከጳጉሜን 6 በሚቀጥለው ዓመት መለያው በአንድ ቀን ይቀድማል)። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው፦ ዛሬንም ልደቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘው ዕድሜውን በወረቀት ያስሉ፣ ከዚያ ማሽኑ በስክሪኑ ካሳየው ዕድሜ ጋር ያስተያዩ። አንዱ 52፣ ሌላው 60 ብሎ ከተለያዩ አይቀጥሉ።

የልደት ቀናቸውን በውል የማያውቁ ሽማግሌ ሲመጡ የመታወቂያው ቁጥር በአብዛኛው በ0 ወይም በ5 ያልቃል። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ስደተኞችም ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። እንዲህ ያለውን «ግምት» ብለው ይመዝግቡና ስሌቱን በ5 ዓመት ጨምረውም ቀንሰውም ይሥሩት። መደምደሚያው ካልተለወጠ የዕድሜው ጉዳይ አያስጨንቅም። ከተለወጠ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለአዋቂ ጥቂት ወር ልዩነት አያመጣም፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን ያመጣል፣ ዕድሜው እስከ አንድ አስርዮሽ ይጻፋል፣ 9.7 እንደሚባለው።

ስሌቱ

ዛሬ ለታካሚ ሪፖርት የሚመከረው የዓለም አቀፉ የሳንባ ተግባር ኢኒሼቲቭ፣ በአጭሩ ጂኤልአይ፣ ቀመር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ከ3 እስከ 95 ዓመት ያለውን ይሸፍናል፤ በስፓይሮሜትሩ ውስጥ ወይም በኢንተርኔት በነጻ በሚገኘው ማስሊያ ይሰላል፣ በእጅ አይሠራም። በውስጡ ቁመት ተባዝቶ ሳይሆን በኃይል ተነሥቶ ይገባል፤ ለወንድ ኤፍኢቪ1 ኃይሉ 2.2 ገደማ ነው። ትርጉሙ፦ ቁመት በ1 በመቶ ሲሳሳት የሚጠበቀው በ2.2 በመቶ ይሳሳታል።

በእጅ ሠርቶ ነገሩን ለመረዳት ግን በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ቀመር ይመቻል። ቁመቱ በሜትር ይገባል፣ በሴንቲ ሜትር አይደለም።

ወንድ
ኤፍቪሲ = 5.76 × ቁመት − 0.026 × ዕድሜ − 4.34 (ስርጭት 0.61)
ኤፍኢቪ1 = 4.30 × ቁመት − 0.029 × ዕድሜ − 2.49 (ስርጭት 0.51)

ሴት
ኤፍቪሲ = 4.43 × ቁመት − 0.026 × ዕድሜ − 2.89 (ስርጭት 0.43)
ኤፍኢቪ1 = 3.95 × ቁመት − 0.025 × ዕድሜ − 2.60 (ስርጭት 0.38)

ስርጭት ያልነው ጤነኛ ሰዎች ከቀመሩ ወዲያና ወዲህ የሚርቁበት መጠን ነው። ቀመሩ ከ18 እስከ 70 ዓመት ይሠራል፤ ከ18 እስከ 25 ላለ ሰው በዕድሜ ቦታ 25 ይገባል። ለሴት ከ145፣ ለወንድ ከ155 ሴንቲ ሜትር በታች ቀመሩ ከተሠራበት ክልል ውጭ ነው።

ያቺን በግንቦት 1966 የተወለደች ሴት እንውሰድ። በግንቦት 2018 ስትመጣ 52 ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ 158 ሴንቲ ሜትር፣ የነፋችው ኤፍኢቪ1 1.80 ሊትር።

3.95 × 1.58 = 6.24። ከዚህ ላይ 0.025 × 52 = 1.30 ይቀነሳል፣ 2.60 ይቀነሳል፤ የሚጠበቀው 2.34 ሊትር። 1.80 ÷ 2.34 = 77 በመቶ።

እዚህ ላይ «ከ80 በመቶ በታች ስለሆነ ታማለች» የሚለው የቆየ ልማድ ይመጣል። ትክክል አይደለም። ጤነኛ ሰዎች ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቁ በቀመሩ ስርጭት ነው የሚታወቀው፤ 80 የሚለው ቁጥር ለረጅም ወጣትም ለአጭር አሮጊትም አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ በተለይ አዛውንትንና አጭር ሰውን ያለጥፋታቸው በሽተኛ ያደርጋል። የሚሻለው ዚ-ስኮር ነው፦ ከተለካው ላይ የሚጠበቀውን ቀንሶ በስርጭቱ ማካፈል። (1.80 − 2.34) ÷ 0.38 = −1.42። ከጤነኞች 95 በመቶው ከ−1.645 በላይ ነው የሚገኙት፤ እሷም ከነሱ ጋር ናት፣ በመደበኛው ክልል ውስጥ። በጂኤልአይ ስሌቱ ይወሳሰባል እንጂ ወሰኑ ያው −1.645 ነው። ከዚያ በታች እስከ −2.5 ቀላል፣ እስከ −4 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ከባድ ይባላል።

አሁን ይህችኑ ሴት፣ ያንኑ 1.80 ሊትር፣ ተረከዙ 4 ሴንቲ ሜትር ባለው ጫማዋ ለክተን 162 ብንጽፍስ? የሚጠበቀው 2.50 ይሆናል፤ 72 በመቶ፣ ዚ-ስኮር −1.84። በጫማ ታመመች። ጫማዋን አውልቀን የልደት ዓመቷን 1966 ብለን እንዳለ ብናስገባውስ? 60 ዓመት ትሆናለች፣ የሚጠበቀው ወደ 2.14 ይወርዳል፤ 84 በመቶ፣ ዚ-ስኮር −0.90። አቅጣጫውን ያስተውሉ፦ ቁመት ሲጋነን ጤነኛው ይታመማል፣ ዕድሜ ሲጋነን በሽታው ይደበቃል።

«ዘር» የሚለው ሳጥን

የቆዩ ማሽኖች «ጎሳ» ወይም «ዘር» ብለው ይጠይቃሉ፤ ምርጫው ከጫማው በላይ ውጤት ይለውጣል። በአውሮፓው ቀመር ለአፍሪካ ተወላጅ የሚጠበቀውን በ0.87 ማባዛት ልማድ ነበር፣ በአሜሪካም 12 በመቶ መቀነስ። ከላይ ያለችው ሴት በ0.87 ብትባዛ የሚጠበቀው 2.04 ሆኖ ውጤቷ 88 በመቶ ይሆናል። አንድ ሳጥን 77ን 88 አደረገው። የጂኤልአይ የ2012 ቀመርም «ካውኬዢያን»፣ «አፍሪካን አሜሪካን»፣ «ሌላ» እያለ ይከፍል ነበር፤ ኢትዮጵያዊን የት እንደሚያስቀምጡ ባለሙያዎች በየፊናቸው ነበር የሚወስኑት። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ዘር የማይጠይቀውን የጂኤልአይ ግሎባል ቀመር መክሯል። ማሽንዎ ካለው እሱን ይምረጡ፣ ሁሌም እሱን ብቻ። በማያጨሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ መለኪያም በ1985 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ለንጽጽር ጥሩ ነው፣ ማሽኖች ውስጥ ግን የለም።

በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የተመረመረ ሰው ሪፖርቱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ መቶኛዎቹን ጎን ለጎን አያስቀምጡ። መጀመሪያ በወረቀቱ ራስጌ ላይ የቀመሩን ስም ይፈልጉ፣ ከዚያ ሊትሩን ከሊትር ጋር ያስተያዩ፣ መቶኛውን በአንድ ቀመር እንደገና ያስሉ። «በስድስት ወር 11 በመቶ ቀነሰ» የተባለው ሳንባው ሳይሆን ቀመሩ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከመንፋቱ በፊት አንድ ነገር፦ የአየር ግፊት

ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ የለካውን አየር ወደ ሰውነት ሙቀትና እርጥበት ይመልሰዋል፤ ለዚህ የክፍሉን ሙቀትና የአካባቢውን የአየር ግፊት ይፈልጋል። ከፋብሪካ ሲወጣ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተሞልቶለት ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ግፊቱ ወደ 575 ነው። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ማባዣው በ760 1.102፣ በ575 1.117 ይሆናል፤ 1.4 በመቶ ያህል የነፋው አየር ይጠፋል ማለት ነው። በ3 ሊትር ሲሪንጅ የሚደረገው ፍተሻ ይህን አያወጣም፣ እዚያ ላይ የሰውነት ሙቀት ማስተካከያው አይሠራምና። ግፊቱን ከስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አይውሰዱ። እዚያ የሚታየው 1015 ገደማ ሄክቶፓስካል ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ቁጥር ነው፤ የእውነተኛው የአዲስ አበባ ግፊት ወደ 767 ሄክቶፓስካል ነው።

መንፋቱ ራሱ ብዙ ተጽፎበታል። ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ትንፋሾች፣ ከነሱም ሁለቱ ምርጦች በ0.150 ሊትር ውስጥ የሚቀራረቡ፣ ለአዋቂ ከስምንት ሙከራ ሳያልፍ። ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ማጨስና ከባድ ስፖርት የለም፣ ጠባብ ቀበቶ ይፈታል።

መዝገቡ ላይ

ከውጤቱ ጋር የቀመሩ ሙሉ ስምና ዓመት፣ ቁመቱ እንዴት እንደተገኘ («ቆሞ»፣ «ክንድ ÷ 1.06»፣ «ከክርን አጥንት»)፣ የልደት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ግምት ከሆነም ግምት መሆኑ ይጻፍ። ዕድሜው 25 የሞላና በዚያው ክፍል በትክክል የተለካ ሰው በዓመት ውስጥ ቢመለስ ቁመቱ እንደገና ባይለካም ይቻላል። ልጅ ግን በመጣ ቁጥር ይለካል፤ በክንድ የተጀመረም በክንድ ይቀጥላል፣ በመሃል ቆሞ ቢለካ እንኳ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ።